ፀሐይ የምትከፍተው፣ ሙቀት የሚዘጋው በር

ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በካዕባ አናት ላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች። በግንቦት 19 ወይም 20፣ ቀጥሎም በሐምሌ 8 ወይም 9 ቀን፣ የዙህር ወቅት ሊገባ ሲል የተከበረው ቤት ጥላውን ያጣል። በሩቅ አገር የሚኖሩ ሙስሊሞች በዚያች ደቂቃ ፊታቸውን ወደ ፀሐይ በማዞር የቂብላቸውን አቅጣጫ ሲያረጋግጡ ኖረዋል። በመጣፉ ላይ ጠዋፍ የሚያደርግ ሰው ግን የፀሐይን አቅጣጫ መፈለግ አያሻውም፤ ብርሃኑ ከላይ ይወርድበታል፣ ከግሪኳ የታሶስ ደሴት የመጣው ነጭ እብነ በረድም ከታች መልሶ ያንጸባርቅበታል።

በኢሕራም ውስጥ ያለ ወንድ ራሱን በኮፍያም ሆነ በጥምጣም መሸፈን አይፈቀድለትም። ጥላ መያዝና መነጽር ማድረግን ግን ዑለማዎች ይፈቅዱለታል። ከዚህም የተነሳ በሐጅና በዑምራ ወቅት በመካ ጎዳናዎች ላይ ከሚታዩት መነጽሮች መካከል ፀሐይ ሲነካቸው የሚጠቁሩት ብዙ ናቸው። ከደሴ፣ ከጅማ ወይም ከአዲስ አበባ እንዲህ ያለውን መነጽር ገዝቶ የመጣ አንድ አባት በዚህች ምድር የሚያጋጥመው ነገር ያስገርመዋል። በአገሩ ከደጁ ወጥቶ ጥቂት እንደተራመደ ጠቁሮ የሚያርፍለት መነጽር፣ ከአገሩ ይልቅ እጅግ በሚያቃጥለው የመካ ቀትር ላይ ፈዘዝ ብሎ ይቀርበታል። «ሻጩ አታለለኝ» ብሎ ቢያዝን አይፈረድበትም። ነገር ግን ሻጩም አላታለለውም፣ መነጽሩም አልተበላሸም። ነገሩ የሚገኘው በመስታወቱ ውስጥ በተበተኑ፣ ብርሃንን አይተው ቅርጻቸውን በሚለውጡ ሞለኪውሎች ጠባይ ውስጥ ነው።

የሚያፈስ እንስራ

ብርሃን አይቶ የሚጠቁር መነጽር በመጀመሪያ የተሠራው ከብርጭቆ ነበር። ዊልያም አርሚስቴድ እና ዶናልድ ስቱኪ የተባሉ የአሜሪካው የኮርኒንግ ኩባንያ ተመራማሪዎች፣ የብር ማዕድን ጨው ደቃቅ ቅንጣቶችን በብርጭቆ ውስጥ በመበተን ፀሐይ ላይ የሚጠቁር፣ ጥላ ውስጥ የሚጠራ መስታወት መሥራታቸውን እ.ኤ.አ. በ1964 በጽሑፍ አሳወቁ። ትራንዚሽንስ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1991 ከፕላስቲክ የተሠራውን ለገበያ ካቀረበ ወዲህ ግን ብርጭቆው ቦታውን እየለቀቀ ሄዷል።

ፕላስቲክ የፖሊመር አንድ መልክ ነው። ፖሊመር ማለት ትንንሽ ሞለኪውሎች እንደ ሙስበሓ ዶቃ እርስ በርስ ተያይዘው የሚሠሩት ረጅም ሰንሰለት ነው። በመነጽሩ ፖሊመር ውስጥ ወይም በገጹ ላይ በተቀባው ስስ ሽፋን ውስጥ፣ ስፓይሮኦክሳዚን እና ናፍቶፓይራን ከሚባሉ የኬሚካል ቤተሰቦች የሆኑ ሞለኪውሎች ይሰፍራሉ። እነዚህ ሞለኪውሎች ሲዘጉ ቀለም የላቸውም። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ሲያርፍባቸው ግን በመካከላቸው ያለ አንድ ማሰሪያ ይፈታል፤ የታጠፈው አካላቸው ይዘረጋል፤ በተዘረጉ ጊዜም ዓይን የሚያየውን ብርሃን መምጠጥ ይጀምራሉ። መነጽሩ ጠቆረ የሚባለው ያን ጊዜ ነው። የኬሚስትሪ ሊቃውንት እንዲህ ያሉትን ሞለኪውሎች፣ በግድግዳ ላይ ካለው የመብራት ማብሪያና ማጥፊያ ጋር በማመሳሰል፣ በብርሃን የሚታዘዙ ማብሪያዎች ይሏቸዋል።

የተከፈተው ሞለኪውል ግን በራሱ ተመልሶ ይዘጋል። የሚዘጋውም በአብዛኛው በሙቀት ነው። ብርሃን ይከፍታል፣ ሙቀት ይዘጋል፤ የመነጽሩ ጥቁረት የሚወሰነው በሁለቱ ፉክክር ነው። ነገሩን ስንጥቅ ባለው እንስራ ውሃ እንደመቅዳት አድርጎ መመልከት ይቻላል። ብርሃን ውሃውን ያንቆረቁራል፤ ሙቀት በስንጥቁ በኩል ያፈሰዋል። በእንስራው ውስጥ የሚቀረው የውሃ መጠን የመነጽሩ ጥቁረት ነው። ስንጥቁ ጠባብ ሲሆን እንስራው ሞልቶ ይታያል፤ ስንጥቁ ሲሰፋ ግን የሚቀዳው ውሃ ያው ቢሆንም እንስራው ይጎድላል።

የሙቀት መጠን በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የብዙ ኬሚካዊ ለውጦች ፍጥነት እጥፍ ገደማ እንደሚሆን በኬሚስትሪ የታወቀ ግምታዊ ደንብ ነው። በ1445 ሂጅሪ የሐጅ ወቅት በመካ ሐረም የተመዘገበው ሙቀት 51.8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ ነበር። በአንጻሩ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ አየሯ ቀዝቃዛ ነው። ከዚህም በላይ ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ በኢትዮጵያ ደጋ ላይ ብርሃኑ እንስራውን አብዝቶ ይቀዳል፣ ስንጥቁም ጠባብ ነው። በመካና በጅዳ ግን ሙቀቱ ስንጥቁን ያሰፋዋል። ያ አባት በአገሩ ያየውን ጥቁረት እዚህ ያጣው በዚህ ምክንያት ነው። መነጽሩ የሚለካው የአልትራቫዮሌት ጨረርንና ሙቀትን እንጂ የሰውን ድካም አይደለም።

ከጅዳ ወደ መካ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚመላለሱ ሾፌሮችም ሌላ ነገር ያስተውላሉ። በመኪናው ውስጥ ሳሉ መነጽራቸው ከነጭራሹ አይጠቁርም። የመኪና የፊት መስታወት በሁለት ብርጭቆዎች መካከል የፕላስቲክ ገበር ያለው በመሆኑ አልትራቫዮሌት ጨረርን ከሞላ ጎደል ያስቀራል። ዓይንን የሚወጋው ብርሃን ያልፋል፣ ሞለኪውሉን የሚከፍተው ጨረር ግን ከውጭ ይቀራል።

ሁለት ዓይነት በር

ታዲያ ሙቀት የማይዘጋው ሞለኪውል መሥራት አይቻልም ወይ? ይቻላል፤ ከተሠራም ቆይቷል። ብርሃን የሚከፍታቸውና መልሶም ብርሃን ብቻ የሚዘጋቸው ሞለኪውሎች አሉ። ከእነዚህ መካከል ፉልጋይድ የሚባሉት ይገኙበታል። ፉልጋይዶችን በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ያጠናቸው ሃንስ ሽቶበ የተባለው ጀርመናዊ ኬሚስት ነው። ስማቸውም የመጣው ማብረቅረቅን ከሚያመለክት የላቲን ቃል ነው። ከዚያ ወዲህ ሃሪ ሄለር የተባሉት ምሁር በዌልስ ሆነው የፉልጋይዶችን ጠባይ አሻሽለው፣ በቤት ውስጥ ሙቀት የማይደበዝዝ ዓይነት አዘጋጁ።

ይህ የዕውቀት ዘርፍ በጅዳም ሥር ሰዷል። በንጉሥ ዐብዱልዓዚዝ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር የሆኑት ዐብዱላህ ዐሲሪ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን እ.ኤ.አ. በ1995 ያገኙት ከዌልስ ዩኒቨርሲቲ የካርዲፍ ኮሌጅ ነው። ወደ አገራቸው ተመልሰውም ቀለማቸውን በብርሃንና በሙቀት የሚለውጡ ውሁዶችን ከዋና የምርምር መስኮቻቸው አንዱ አድርገዋል። ከዩኒቨርሲቲው ከወጡት ጥናቶች መካከል ፉልጋይዶችን በግልጽ ፕላስቲክ ውስጥ በማስፈር፣ በአልትራቫዮሌት ብርሃን እንዴት ቀለም እንደሚያወጡና በሚታይ ብርሃን እንዴት እንደሚመለሱ የመረመሩ ይገኙባቸዋል።

ሞለኪውልን በፕላስቲክ ውስጥ ማስፈር ቀላል የሚመስል፣ ነገር ግን ብዙ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ሥራ ነው። በፈሳሽ ውስጥ እንደ ልቡ የሚገላበጥ ሞለኪውል በደረቅ ፖሊመር ውስጥ ሲገባ፣ በጠባብ ሶፍ ውስጥ ተጨናንቆ እንደቆመ ሰጋጅ መታጠፊያና መዘርጊያ ቦታ ያጣል። ፖሊመሩ ሲጠነክር ለውጡ ይዘገያል፤ ሲለሰልስ ለውጡ ይፈጥናል፣ ፕላስቲኩ ግን በቀላሉ ይጫጫራል። ሌላው ፈተና ድካም ነው። ሞለኪውሉ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ጥቂቶቹ ይበላሻሉ፤ ኦክስጅንና ጽኑ ፀሐይም ያፈራርሷቸዋል። ያረጀ መነጽር እንደ ድሮው የማይጠቁረው ከዚህ የተነሳ ነው። በዚህ በኩል ትልቅ እርምጃ የታየው ማሳሂሮ ኢሪዬ የተባሉት ጃፓናዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1988 ባስተዋወቋቸው ዳያሪልኢቲን በተባሉ ሞለኪውሎች ነው። ከእነዚህም አንዳንዶቹ ከ10,000 ጊዜ በላይ ተከፍተውና ተዘግተው እንኳ ጠባያቸውን አይለቁም።

እንግዲህ ሙቀት የማይዘጋው ሞለኪውል ከተገኘ ለምን በመነጽር ላይ አይውልም? መልሱ የሚገኘው በመካ ዋሻዎች ውስጥ ነው። ተራሮቿን ሰንጥቀው በሚያልፉት ዋሻዎች የሚሄድ ሰው፣ ከጠራራ ፀሐይ በቅጽበት ወደ ጥላ ይገባል። መነጽሩ ሙቀት የማይዘጋው ዓይነት ቢሆን ኖሮ በጨለማው ውስጥም እንደጠቆረ ይቀርበት ነበር። ሙቀት ሞለኪውሉን ስለሚዘጋው ግን መስታወቱ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ይጠራለታል። በቀትር ፀሐይ ጉድለት ሆኖ የታየው ጠባይ በዋሻው ውስጥ ጥቅም ሆኖ ይገኛል።

ሙቀት የማይዘጋቸው ሞለኪውሎችም የራሳቸው ሥራ አላቸው። የማያፈስ እንስራ የተቀዳለትን ውሃ ልክ ይናገራል። ከሄለር ፉልጋይዶች አንዱ በቤተ ሙከራ ውስጥ የብርሃንን መጠን መለኪያ ሆኖ አገልግሏል። ተመራማሪዎችም አንዱን ቅርጽ እንደ «አዎ»፣ ሌላውን እንደ «አይደለም» በመቁጠር መረጃን በሞለኪውሎች ላይ ስለመጻፍ ሲያጠኑ ቆይተዋል።

ፕላስቲክ ሲንቀሳቀስ

እስካሁን የተነገረው ስለ ቀለም ነው። ብርሃን ግን ቅርጽንም ይለውጣል፤ የብዙ ሞለኪውሎች ቅርጽ በአንድነት ሲለወጥም ፕላስቲኩ ራሱ ይንቀሳቀሳል። ለዚህ ሥራ ከሁሉ የታወቀው ሞለኪውል አዞቤንዚን ነው። በጨለማ ውስጥ ቀጥ ብሎ ሲዘረጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለው ርዝመት 0.9 ናኖሜትር ገደማ ነው። በአልትራቫዮሌት ብርሃን ሲመታ ይታጠፍና ወደ 0.55 ናኖሜትር ያጥራል። በሰማያዊ ብርሃን ወይም በሙቀት ተመልሶ ይዘረጋል። እንግሊዛዊው ኬሚስት ሃርትሊ የታጠፈውን ቅርጽ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1937 ነበር።

ናኖሜትር የአንድ ሜትር ቢሊዮንኛ ክፍል ስለሆነ፣ የአንድ ሞለኪውል መታጠፍ ለዓይን አይታይም። ሞለኪውሎቹ በፖሊመር ሰንሰለት ላይ በሥርዓት ሲደረደሩ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ቶሚኪ ኢኬዳ የተባሉት ጃፓናዊ ሊቅና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት፣ አዞቤንዚን ያለበት ስስ ፕላስቲክ ብርሃን ሲያርፍበት በተፈለገው አቅጣጫ እንደሚታጠፍና በሌላ ብርሃን ተመልሶ እንደሚዘረጋ አሳይተዋል። ፕላስቲኩ ሽቦም ሞተርም አልነበረውም፤ የሚያንቀሳቅሰው ብርሃን ብቻ ነበር።

ከጅዳ ወደ ሰሜን 80 ኪሎ ሜትር ገደማ በቀይ ባሕር ዳርቻ የምትገኘው ሡወል፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የተከፈተው የንጉሥ ዐብዱላህ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ መቀመጫ ናት። በዚያ የሚያስተምሩት ሊባኖሳዊቷ ኬሚስት ኒቪን ኻሻብ፣ እንደ ብርሃን ያለ ምልክት ሲደርሳቸው ጠባያቸውን የሚለውጡ ቁሶችን ያጠናሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 አፍሪካንና የዐረብ አገሮችን በመወከል የሎሬያል-ዩኔስኮ የሴት ሳይንቲስቶች ሽልማት ተቀብለዋል። ወደ ሡወል ከመምጣታቸው በፊት የሠሩት፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የኖቤል የኬሚስትሪ ሽልማት ከተጋሩት ከፍሬዘር ስቶዳርት ጋር ነበር። ከሽልማቱ ተጋሪዎች አንዱ የሆኑት ሆላንዳዊው ቤን ፌሪንጋም በብርሃን ኃይል የሚሽከረከር የሞለኪውል ሞተር እ.ኤ.አ. በ1999 ይፋ ያደረጉ ናቸው።

ኻሻብ ከስቶዳርትና ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተሙት አንድ ጥናት የዚህን ዕውቀት ዓላማ በግልጽ ያሳያል። በጣም ደቃቅ የሆኑ የሲሊካ ቅንጣቶች እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳዎች አሏቸው። በቀዳዳዎቹ አፍ ላይ የአዞቤንዚን ዘንጎች ተተክለዋል፤ በዘንጎቹም ላይ ቀለበት የሚመስሉ ሞለኪውሎች ተሰክተው ቀዳዳውን እንደ ክዳን ይዘጋሉ። የአልትራቫዮሌት ብርሃን ሲበራ ዘንጉ ይታጠፋል፣ ቀለበቱ ይወልቃል፣ በውስጡ የተቀመጠውም ነገር ይለቀቃል። በሙከራው የተለቀቀው ቀለም ነበር። የተመራማሪዎቹ ተስፋ ግን በቀለሙ ምትክ መድኃኒት አስቀምጦ፣ መድኃኒቱ መላ አካልን ሳይነካ ብርሃን በበራበት ቦታ ብቻ እንዲለቀቅ ማድረግ ነው። የካንሰር መድኃኒት ከበሽታው ጋር ጤነኛውንም አካል ምን ያህል እንደሚጎዳ ሕሙማኑን ያስታመመ ሁሉ ያውቀዋል።

በዚህ መንገድ ላይ ያለው እንቅፋት ራሱ ብርሃን ነው። አልትራቫዮሌት ጨረር ቆዳን አልፎ ወደ ውስጥ አይዘልቅም፣ ሕዋሳትንም ይጎዳል። ቀይ ብርሃን ግን ሥጋን ሰርጎ ይገባል፤ እጁን በጠንካራ የባትሪ መብራት ላይ የጋረደ ሰው ጣቶቹ ቀልተው የሚታዩት በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ የዛሬው ምርምር ብርቱ ትኩረት ቀይ ብርሃንን የሚሰሙ ሞለኪውሎችን ማዘጋጀት ነው።

በዓይን ውስጥ ያለው ማብሪያ

በብርሃን የሚታዘዙ ሞለኪውሎችን ሰው በቤተ ሙከራ ሳይሠራቸው በፊት አላህ በሰው ዓይን ውስጥ አኑሯቸዋል። በባስራ የተወለደው በካይሮም የኖረው ኢብኑል ሀይሠም ኪታቡል መናዚር በተባለው ታላቅ ሥራው፣ ማየት የሚሆነው ከዓይን በሚወጣ ጨረር ሳይሆን ከነገሮች ተነስቶ ወደ ዓይን በሚገባ ብርሃን መሆኑን ካስረዳ አንድ ሺህ ዓመት ሆኖታል። ወደ ዓይን የገባው ብርሃን እዚያ ምን እንደሚያደርግ የታወቀው ግን በሃያኛው ክፍለ ዘመን ነው።

በዓይን መጋረጃ ውስጥ ሬቲናል የሚባል የታጠፈ ሞለኪውል አለ። የብርሃን ቅንጣት ሲያርፍበት በአንድ ሴኮንድ ትሪሊዮንኛ ክፍል ውስጥ ይዘረጋል፤ መዘርጋቱም ወደ አንጎል የሚሄደውን መልእክት ይቀሰቅሳል። ይህን ምስጢር ለመፍታት ባደረጉት ምርምር ጆርጅ ዋልድ እ.ኤ.አ. በ1967 ከሌሎች ሁለት ሊቃውንት ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ሬቲናል የሚሠራው ከቫይታሚን ኤ ነው። ጉበት፣ የእንቁላል አስኳል፣ ጎመንና ካሮት የማያገኝ ሕፃን ሲመሽ ማየት ይሳነዋል፤ እናቶቻችንም ይህን በሽታ ዳፍንት ይሉታል። ዳፍንት፣ በኬሚስትሪ ቋንቋ ሲነገር፣ ዓይን ለማብሪያዎቹ መሥሪያ የሚሆነውን ነገር ማጣቱ ነው።

መነጽር ሲገዛ

ከዚህ ሁሉ ዕውቀት ለአንባቢ ዛሬውኑ የሚጠቅመው ምንድን ነው? በጅዳ የግንባታ ቦታዎች የሚውል ሠራተኛ፣ በሾፌርነት የሚተዳደር፣ ወይም ለዑምራ የመጣ እንግዳ፣ ዓይኑን ለብዙ ሰዓታት ለፀሐይ ይሰጣል። የአልትራቫዮሌት ጨረር ለዓይን ሞራ ከሚያጋልጡ ነገሮች አንዱ ነው፤ የዓይን ሞራም በኢትዮጵያ ለዓይነ ስውርነት ቀዳሚው ምክንያት ነው።

በመጀመሪያ ሊታወቅ የሚገባው ጥቁረትና መከላከል ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ነው። ጥራት ያለው ብርሃን አይቶ የሚጠቁር መነጽር፣ ቀለሙ ፈዘዝ ባለ ጊዜም ቢሆን አልትራቫዮሌት ጨረርን ያስቀራል። ስለዚህ ያ ከደሴ የመጣ አባት መነጽሩ በመካ አልጠቆረልኝም ብሎ ሊጥለው አይገባም። በአንጻሩ በየመንገዱ በርካሽ የሚሸጥ፣ እጅግ የጠቆረ ነገር ግን ጨረሩን የማያስቀር መነጽር ከምንም የከፋ ሊሆን ይችላል፤ ዓይን ጨለማ መስሎት ብሌኑን ይከፍታል፣ ጨረሩም በሰፊው በር ይገባል። በመነጽሩ ላይ «ዩቪ 400» የሚል ምልክት መኖሩን ማየት፣ ከተቻለም የመነጽር ባለሙያ በመሣሪያው እንዲለካው መጠየቅ ያሻል።

ሁለተኛ፣ ለሾፌር በመኪና ውስጥ የማይጠቁር መነጽር ስለማይበቃ፣ ቀለሙ የማይለወጥ የፀሐይ መነጽር ማዘጋጀት ይጠቅመዋል። በዋሻ ውስጥና በምሽት ግን ሊያወልቀው ይገባል። ሦስተኛ፣ መነጽርን በበጋ ቀትር በቆመ መኪና ውስጥ መተው ሞለኪውሎቹንም ሽፋኑንም ያስረጃቸዋል። አራተኛ፣ ከታች ከእብነ በረዱ የሚመለሰው ብርሃን በመነጽሩ ጎን ስለሚገባ ጥላ መያዝ ብቻውን አይበቃም፤ ዓይንን በደንብ የሚከብ መነጽር ይመረጣል።

በጅዳና በሡወል ያሉት ተመራማሪዎች የሚታገሉት ጥያቄና ያ አባት በመጣፉ ዳር ቆሞ መነጽሩን እያገላበጠ የሚጠይቀው ጥያቄ በመሠረቱ አንድ ነው፤ ብርሃን የከፈተውን በር ማን ይዝጋው? መቼስ ይዝጋው? ለመነጽር ሙቀት ቢዘጋው ይበጃል፤ ለመድኃኒት ተሸካሚው ቅንጣት ብርሃን ብቻ ቢያዝዘው ይሻላል። የሐረሙ ሙአዚን ለዙህር አዛን ሲያሰማም ያ አባት መነጽሩን አጽድቶ ያደርጋል፣ ጥላውን ይዘረጋል፣ ከሰጋጆቹ ጋር ወደ ሶፉ ይገባል። መነጽሩ በአገሩ እንደነበረው ባይጠቁርም ሥራውን እየሠራለት ነው።